«በመንግሥት በኩል ተይዟል»

በእኛ ሰፈር ሳህን ያላጠብኩበት ለቅሶ አልነበረም። ጉራ አይደለም፤ ተራዬ ስለሚደርስ ነው። እድራችን ውስጥ ሰው ሲሞት ጡሩምባ ነፊው ገና ጎህ ሲቀድ መንደር ለመንደር እየዞረ ይለፍፋል። ወንዶቹ ከእድሩ ዕቃ ቤት ድንኳኑንና አግዳሚዎቹን አውጥተው ሐዘንተኛው ደጅ ይተክላሉ። የሳምንቱ ተረኛ ሴቶች ደግሞ ነጠላቸውን አገልድመው ጓሮ ይገባሉ፤ ንፍሮ ይቀቅላሉ፣ ውሃ ይቀዳሉ፣ ሳህን ያጥባሉ። ምልክቱ የድንኳኑ መተከል ነው። የእድሩ ድንኳን ከቆመ ማንም ማንንም አይጠራም፤ ተረኛዋ ተራዋን ታውቃለች፣ ያልመጣችም ትቀጣለች። ነጋዴም ትሁን ነርስ፣ የባለ ፎቅ ሚስትም ትሁን የጉልት ቸርቻሪ፣ እጅጌዋን ሰብስባ ሳፋው ዙሪያ ቁጢጥ ትላለች።

የሰፈር ወሬ ሁሉ የሚገኘው እዚያ ነው። ማን ለማን እንደታጨች፣ የማን ልጅ ከቤት እንደወጣ፣ የማን ባል ቤቴል አካባቢ ሌላ ቤት እንደከፈተ። ይሳቃልም። ከፊት ሙሾ፣ ከኋላ ሳቅ። ሳቁ ድንኳኑ ድረስ ከተሰማ አንዷ አሮጊት መጥታ «እናንተ የማታፍሩ!» ትለናለች፤ ትንሽ ቆይታ እሷም ወሬውን ልትሰማ ትቀመጣለች። ሳላገባና ሳልወልድ ሃምሳን የተሻገርኩ ሴት ነኝ፤ ወገን የምለው ያንን ጓሮ ነበር።

ለከተማው ምክር ቤት ልወዳደር ስል አንድ ወጣት ስለ እኔ መተዋወቂያ ሊጽፍ ቤታችን መጣ። ስልኩን ፊቴ ደቅኖ «አስተዳደግዎን፣ እሴቶችዎንና ቅድሚያ የሚሰጧቸውን ጉዳዮች ይንገሩኝ» አለኝ። አስተማሪ ነኝ፤ እሴት የሚለውን ቃል ሰሌዳ ላይ ስንቴ ጽፌዋለሁ። ስለ ራሴ ስጠየቅ ግን አፌ ተያዘ። እናቴ ከአጠገቤ ተቀምጣ «ምነው፣ ተማሪ ሲጠይቅሽ እንዲህ ነው የምትሆኚው?» አለችኝ።

ስለዚህ ስለ ሟቹ አባቴ ነገርኩት። አባቴ ከጉራጌ አገር በልጅነቱ መጥቶ ኮልፌ አጠና ተራ ላይ ነው ያረጀው። ለቤት ማገር፣ ለአጥር፣ ለድንኳን ምሰሶ የሚሆን የባሕር ዛፍ እንጨት ይሸጥ ነበር። እናቴም እዚያው ገበያ ቆጮና ቅቤ ትሸጥ ነበር። አባቴ ክፉ ነጋዴ ነበር፤ ክፉ ስል ሲከራከር ድምፁ ሦስት ሱቅ አልፎ የሚሰማ ማለቴ ነው። ለለቅሶ ምሰሶ ከተባለ ግን ክርክር የለም። ቀጥ ቀጥ ያለውን መርጦ ራሱ ተሸክሞ ይሄዳል። ልጅ ሳለሁ ለምን እንደሆነ ብጠይቀው «ሐዘንተኛ ብቻውን ከተቀመጠ የሞተው ሰፈሩ ነው» አለኝ። ሌላ ምክር ትዝ አይለኝም፤ ብዙ የሚያወራ ሰው አልነበረም።

«እንግዲህ እሴቴ ይሄ ነው» አልኩት ወጣቱን። «ሐዘንተኛ ብቻውን እንዳይቀመጥ።» ቅድሚያ የምሰጠውን ጉዳይ ሲጠይቀኝም አላንገራገርኩም፤ የለቅሶ አዳራሽ ነው አልኩት። ክረምት ሲሆን የእኛ ሰፈር ድንኳን መንገድ ላይ ነው የሚተከለው። ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት ይደርሳል። ታክሲው ማለፊያ ሲያጣ ክላክሱን ሐዘንተኛው ጆሮ ላይ ያንባርቀዋል። ጣሪያ ያለው፣ ውሃ ያለው፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ጴንጤውም ተራ በተራ የሚያለቅስበት ቤት እፈልጋለሁ አልኩት። ልጁ ራሱን እየነቀነቀ ቀዳ። ጽሑፉ ሲወጣ ግን «ከዝቅተኛ ኑሮ የተነሣች፣ ማኅበራዊ ትስስርን የማጠናከር ራዕይ የሰነቀች ብርቱ ሴት» ይላል። ለእናቴ አነበብኩላት። ጨርሳ ሰማችና «ይቺ ደግሞ ማናት?» አለች።

ለምርጫው ያጩኝ ሰዎች ለምን እኔን እንደፈለጉኝ አልደበቁኝም። «ሰው የሚያውቃት ሴት ፈልገን ነው» አሉኝ። ሰው የሚያውቀኝ ደግሞ የሰፈሩን ግማሽ ፊደል ስላስቆጠርኩና የእድራችን ሴቶች ተራ አስያዥ ስለነበርኩ ነው። ቅስቀሳ ስወጣ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ ነው እያልኩ ዞርኩ። ተመረጥኩ።

የአጥር ጎረቤቴን እዚህ ላይ ላስተዋውቅ። አብረን የተማርን፣ አብረን ሳህን ያጠብን ሴት ናት። እሷ ጴንጤ ናት፣ እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፤ በዚህ ስንጣላና ስንታረቅ ነው የኖርነው። 18 ማዞሪያ አጠገብ ትንሽ የቆርቆሮ ሱቅ አላት፤ ሽሮ፣ በርበሬ፣ ሳሙና ትሸጣለች። ከትምህርት ቤት ስመለስ ሱቋ ደጃፍ በርጩማ ላይ ሳልቀመጥ ወደ ቤት አልገባም ነበር። የተመረጥኩ ዕለት ሰው ሁሉ «ሹመት ያዳብር!» ሲለኝ እሷ አንገቴን አንቃ ስማኝ ስታበቃ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይላሉ፤ አንቺ ግን ንፍሮ ስትቅሚ ነው የምትሻሪው!» አለችኝ። እስኪያመን ሳቅን። አንቺ ብላ የቀለደችብኝ ያን ቀን ለመጨረሻ ጊዜ መሆኑን ማን ያውቃል?

ምክር ቤት ገብቼ የተናገርኩት ሁሉ ስለ ለቅሶ አይደለም። ከወንዙ በላይ ላለው ዳገት የውሃ መስመር ጠይቄያለሁ፤ ትምህርት ቤታችን ለሴቶች ልጆች የተለየ መጸዳጃ እንዲኖረው ተከራክሬያለሁ። ሰው የሚያስታውሰው ግን አዳራሹን ነው። ሌላው ስለ ሰፊ መንገድና ስለ መብራት ተናግሮ ሲቀመጥ እኔ ተነሥቼ ስለ ድንኳን እናገራለሁ። አንድ ባልደረባዬ፣ መልካም ሰው ነው፣ በሻይ ሰዓት «ከተማው ሁሉ ወደፊት ሲያይ አንቺ ወደ መቃብር ታያለሽ» አለኝ። «ወደፊት ያለው እኮ መቃብር ነው» አልኩት። ሻዩ ትን እስኪለው ሳቀ፤ ከዚያ ወዲህ ስሜ «የድንኳኗ» ሆነ። አዳራሹ ተፈቀደ። መሠረቱ ተጣለ፣ ምሰሶዎቹ ቆሙ፤ ከዚያ ሲሚንቶ ጠፋ ተባለ፣ ቀጥሎ ተቋራጩ ጠፋ ተባለ። ፌሮዎቹ ወደ ሰማይ እንደተቀሰሩ ቀሩ። እናቴ በዚያ በኩል ባለፈች ቁጥር «ቶሎ በሉ እንጂ፣ ልቀድማችሁ ነው» ትላለች። እኔም እንደ ሁልጊዜ ቀልዷ አይቼው ስቄ አልፍ ነበር።

ከተመረጥኩ በኋላ መጀመሪያ ተራዬ የደረሰው አንድ ጡረተኛ ጎረቤታችን ሲሞቱ ነው። እንደ ልማዴ ነጠላዬን አገልድሜ፣ አሮጌ ጫማዬን አድርጌ በጓሮ በር ገባሁ። ሴቶቹ ሲያዩኝ ብድግ አሉ። አንዷ ስፖንጁን ከእጄ ነጥቃ «ኧረ በሞትኩት! ክብርት ሳህን ሊያጥቡ?» አለች። ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ፤ ማንም አልሳቀም። ክንዴን ይዘው በፊት በር አዙረው ድንኳኑ ውስጥ አስገቡኝ። ሰው ሁሉ አግዳሚ ላይ ተጠጋግቶ ተቀምጧል፤ ለእኔ ግን ከአንድ ቤት መደገፊያ ያለው ወንበር አምጥተው ለብቻው አስቀመጡልኝ። ግራዬም ቀኜም ባዶ ነው። ከጓሮ ሳቅ ተሰማኝ፤ ምን እንዳሳቃቸው ለማወቅ ምን ያህል እንደጓጓሁ አሁን ሳስበው ያሳዝነኛል።

በሁለተኛውም እንደዚያው ሆነ። በሦስተኛው ተራዬን ጭራሽ ለሌላ ሰጡት። ስብሰባ ውዬ የቀረሁበትም ለቅሶ አለ፤ አልተቀጣሁም። እድራችን ውስጥ የማይቀጣ ሰው አይቼ አላውቅም። ወር ገብቶ ስንሰበሰብ ለእድሩ ዳኛ «እኔም እንደ ሰው ልቀጣ እንጂ» አልኳቸው። ሽማግሌው ደነገጡ። «እርስዎን የቀጣን እንደሆነ ሰፈር ምን ይለናል? የሕዝብ ሥራ ላይ ነዎት፤ የእርስዎን ተራ ልጆቻችን ይሠሩታል» አሉኝ። እኚህ ሰው በልጅነቴ ጆሮዬን ጠምዝዘውኛል። ያከበሩኝ ከልባቸው ነው፤ ክፋት ቢሆን ኖሮ እጣላቸው ነበር። አክብሮትን ግን ምን ብዬ ልጣላ?

ቤቴ ሰው አጣ ማለቴ አይደለም። እንደዚያ ጊዜ ሰው በዝቶበት አያውቅም። ግን ሁሉም ጉዳይ ይዞ ነው የሚመጣው። መጀመሪያ የእናቴ ጤና ይጠየቃል፤ ቀጥሎ ስለ ዝናቡ ይነሣል፤ ከዚያ ጉዳዩ ይመጣል። የይዞታ ነገር፣ የልጅ ሥራ ነገር፣ የቆጣሪ ነገር። የቻልኩትን ሠርቻለሁ፤ ያልቻልኩትንም ደክሜበታለሁ፤ ለዚያ አይደል የመረጡኝ? ነገር ግን ጉዳዩ እንዳለቀ ይነሣሉ። «ቁጭ በሉ እንጂ፣ እራት እንብላ» ስላቸው «ኧረ ክብርት፣ ጊዜዎን አንሻማ» ይሉኛል። ጊዜዬ! ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እኔና እናቴ ቴሌቪዥን ፊት ተደቅነን በማናውቀው ቋንቋ የተሠራ ድራማ እያየን እንደምንውል ቢያውቁ።

ጎረቤቴም ቀስ በቀስ ሄደችብኝ። መጀመሪያ ሰው ፊት ነው «እርስዎ» ያለችኝ፤ ሥርዓት ነው ብዬ አለፍኩት። ከዚያ ሰው በሌለበትም ቀጠለ። አንድ ቀን በአጥሩ ላይ ጠርቻት «ምነው ጠፋሽ? እንዳኮረፈ ሰው» ብላት «ሥራ ይበዛብዎታል ብዬ ነው እንጂ» አለችኝ። ልብስ እያሰጣች ነበር። እጇን ከልብሱ ላይ እንኳ አላነሣችም። ሱቋም ብሄድ በርጩማውን በነጠላዋ ጠርጋ ትሰጠኝና ራሷ ቆማ ትቀራለች። የቆመ ሰው ፊት ተቀምጦ ምን ወሬ ይወራል? እኔም መሄዱን ተውኩት።

ስለዚህ አንቺ የምትለኝ እናቴ ብቻ ቀረች። «አንቺ ልጅ፣ መብራቱን አጥፊ፤ አንቺ ልጅ፣ ጫማሽን በሥርዓት አውልቂ።» ስብሰባ ላይ ክብርት ስባል ውዬ ስገባ ያቺ ቁጣ ምን ያህል ታሳርፈኝ እንደነበር! ኋላ ታመመች። ቤቴል ያለ ክሊኒክ ነበር የምትታከመው። መኪና እንዲያመጡልኝ ልጠይቅ ብላት እምቢ አለች። «ታክሲ ውስጥ ሰው አለ» አለችኝ። ስለዚህ በታክሲ ተመላለስን፤ ከአየር ጤና ስንሳፈር ከጎኗ ከተቀመጠው ሁሉ ጋር ስለ ጉልበት ሕመም እያወራች፣ ቤቴል ስንደርስ የሰውየውን የዘር ሐረግ ጨርሳ ትወርዳለች። እኔ በመስኮት አያለሁ። ሰው አውቆኝ ጉዳይ እንዳያነሣብኝ ነጠላዬን ፊቴ ላይ እስበዋለሁ።

የሞተችው አንድ ማለዳ፣ ፊቷን ላጥብላት ውሃ ይዤ ስገባ ነው። ጮህኩ። ጎረቤት ሲሰበሰብ አየሁ፤ ጎረቤቴ ስትሮጥ መጥታ የእናቴን አገጭ ስታስር አስታውሳለሁ። ከዚያ ስልኬ ጮኸ። ማን እንደነገራቸው አላውቅም፤ ገና በቅጡ ሳላለቅስ አንድ የፕሮቶኮል ሠራተኛ በር ላይ ደረሰ። ወጣት ነው፣ ጨዋ ነው፣ ሁለት እጁን አጣምሮ ጎንበስ ብሎ ነው የሚያናግረኝ። «ክብርት፣ እርስዎ ምንም እንዳያስቡ። ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ መስተንግዶው በሙሉ በእኛ በኩል ነው» አለኝ። ራሴን ነቀነቅሁ። ሐዘንተኛ የተባለውን ሁሉ ይነቀንቃል።

ብዙም ሳይቆይ የእድራችን ሰዎች መጡ። መስኮቱ ክፍት ስለነበር የብረቱን ኳኳታ ሰማሁ፤ ድንኳኑን ተሸክመዋል። ወጣቱ በር ላይ ሄዶ ተቀበላቸው። «አባቶቻችን እናመሰግናለን፤ በመንግሥት በኩል ተይዟል» አላቸው። የዳኛው ድምፅ «ኧ… እንዲያ ከሆነ ጥሩ ነው፣ ጥሩ ነው» ሲል ተሰማኝ። ከዚያ ብረቱ እየተንኳኳ ራቀ። ይህን ሁሉ ሰምቻለሁ። ያን ሰዓት ግን ለእኔ ድንኳን ድንኳን ነው፤ የማንም ይሁን። እናቴ ሞታለች እኮ።

የመጣው ድንኳን ነጭ ነበር። ውስጡ መጋረጃ አለው። ወንበሮቹ ልብስ ለብሰው ወገባቸው በጥብጣብ ታስሯል፤ ለሠርግ እንጂ ለለቅሶ አይመስልም። ተመሳሳይ ሽርጥ ያሰሩ ልጃገረዶች ውሃ በፕላስቲክ ያድላሉ። ቀብሩ ትልቅ ነበር፤ መኪናው ከቤተ ክርስቲያኑ በር አልፎ እስከ ዋናው መንገድ ተሰልፏል። የአበባ ጉንጉን መጣ። አንድ ኃላፊ ስለ እናቴ ንግግር አደረጉ፤ «ብርቱ ሴት ያፈሩ እናት» አሏት። ቆጮና ቅቤ ስትሸጥ መኖሯን የነገራቸው የለም። የሰፈሬ ሰዎች ከአጥሩ ጥግ፣ ከሱፍ ለባሾቹ ኋላ ቆመው አየኋቸው። እጄን ላነሣ ፈልጌ ነበር፤ አንዱ ትከሻዬን አቅፎ ወደ መኪና አስገባኝ።

ከቀብር መልስ እንግዶቹ ትንሽ ተቀመጡ። ያ «የድንኳኗ» የሚለኝ ባልደረባዬ እቅፍ አድርጎ ሲያለቅስ ከልቡ ነበር፤ ስልኩ ኪሱ ውስጥ ሲንቀጠቀጥ እኔንም ነዘረኝ። ከዚያ አንድ በአንድ ሰዓታቸውን እያዩ ሄዱ። ከሳንሱሲ የመጣችው አክስቴም ጉልበቷ ስለሚያማት ልጇ ወሰዳት። ወንድም የለኝ፣ እህት የለኝ። ማታውን ድንኳኑ ውስጥ የቀሩት ዕቃ ጠባቂው ሰውዬና እኔ ነበርን። «እግዚአብሔር ያጥናዎት» አለኝና ጋቢውን ተከናንቦ ተኛ።

በማግስቱ ጠዋት ሠራተኞች መጥተው ድንኳኑን መፍታት ጀመሩ። ለሌላ ዝግጅት ይፈለጋል አሉኝ። ወንበሮቹን ልብሳቸውን ገፈው ደራረቡ፣ መጋረጃውን አጣጠፉ፣ ይቅርታ ጠይቀው ሄዱ። ደጄ እንደ ወትሮው ሆነ። እኛ ሰፈር ድንኳን የሌለው ለቅሶ አይታወቅም፤ የሚያልፈው ሰው ደህና ቤት መስሎት ያልፋል። እኔ እንደ ደንቡ መሬት ላይ ፍራሽ ዘርግቼ፣ ጥቁር ሻሼን አስሬ፣ በሩን ወለል አድርጌ ከፍቼ ተቀመጥኩ። ማንም አልመጣም።

ቀኑን ሙሉ ጆሮዬን በሩ ላይ አደረግሁ። ከታች የታክሲ ረዳቱ «አየር ጤና! አየር ጤና!» ይላል። የእግር ኮቴ ሲቀርብ አንገቴን ደፍቼ ለማልቀስ እዘጋጃለሁ፤ ኮቴው ያልፋል። ሐዘንተኛ ሰልስት ሳይወጣ ከቤት አይወጣም፤ ብወጣስ ምን እላለሁ? «ኑና አልቅሱልኝ» ይባላል? ስልኬን አየሁ። የምክር ቤቱ ገጽ ላይ የእናቴን ፎቶ ከሻማ ሥዕል ጋር ለጥፈውታል፤ ከሥሩ «ነፍስ ይማር» ያለው ሰው ማለቂያ የለውም። ከአጥሬ ማዶ ያሉት በሙሉ ጽፈዋል። የዳኛው ልጅ ጽፏል፣ ስፖንጅ የነጠቀችኝ ሴት ጽፋለች። ጎረቤቴም የሚያለቅስ ፊት አድርጋ ጽፋለች፤ እሷ ስትጽፍ ከግድግዳው ወዲያ የምታዳምጠው መዝሙር ይሰማኝ ነበር።

ያን ጊዜ ተናደድኩ። እናቴ በዚህ ሰፈር ያላለቀሰችበት ቤት የለም! በክረምት ጭቃ፣ በዚያ ጉልበቷ፣ ለማታውቀው ሰው እንኳ ደረቷን የደቃች ሴት ናት። ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል ይባላል፤ እሷ መቼ ብቻዋን በላች? እኔስ መቼ? ጮክ ብዬ ተሳደብኩ፤ ሰፈሩን፣ ዳኛውን፣ ያንን ጨዋ ወጣት፣ በመጨረሻ ራሴን። ቤቱ ባዶ ስለሆነ ድምፄ ተመልሶ መጣብኝ፤ አፈርኩ። ሲመሽ ከመስተንግዶው ከተረፈው ንፍሮ ትንሽ ቀመስኩ። ሳህኑን ወደ ጓሮ አውጥቼ አጠብኩ። ከእሱ ሌላ የሚታጠብ አልነበረም።

በሰልስቱ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ጸሎቱ ሲያልቅ ተመለስኩ። ከሰዓት በኋላ፣ ተስፋ ቆርጬ በሩን ልዘጋ ስነሣ፣ ጎረቤቴ ብቅ አለች። ጥቁር ለብሳለች፣ በሳህን ቆሎ ይዛለች። አንገቴ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች፤ እኔም የሁለቱን ቀን ለቅሶ አንድ ላይ አወጣሁት። «ጌታ ያጽናናዎት… ጌታ ያጽናናዎት…» ትላለች። ፍራሹ ላይ አጠገቤ ስትቀመጥ እጇን ያዝኩ። እንዲህ ተጠግታኝ ከተቀመጠች ስንት ጊዜዋ።

«ለምን ቀራችሁ?» አልኳት። ልቆጣ አስቤ ነበር፤ የወጣው ድምፅ ግን የልጅ ድምፅ ነው።

ደነገጠች። «ኧረ በሞትኩት፣ የቀረን መስሎዎት ነው? ዳኛው በመንግሥት በኩል ተይዟል ሲሉን ጊዜ፣ እንግዲህ በዚያ ሁሉ ሱፍ መሃል ንፍሯችንን ይዘን ገብተን እናሳፍራት ወይ ተባባልን። በማግስቱ ድንኳኑ ሲነሣ ደግሞ…» አለችና ነጠላዋን አፏ ላይ ጫነች። «ደግሞ ምን?» አልኳት። «ከዚህ የወሰዱዎት መሰለን። ትልቅ አዳራሽ አስገብተዋት እዚያ ነው ሰው የምትቀበለው ተባለ። እኛማ ወዴት ብለን እንምጣ? በሩ ክፍት ሲሆን ቤት ጠባቂ አስቀምጠው የሄዱ መስሎን ነበር፤ አሁን በመስኮቱ እርስዎን አይቼ ነው።»

አዳራሽ! ልስቅ ነበር። ልነግራት ፈለግሁ፤ እዚሁ ነበርኩ፣ ከግድግዳሽ ወዲህ፣ መዝሙርሽን ስሰማ ነበር ልላት። ግን እሷ የነጠላዋን ጥለት መጠምዘዝ ጀምራ ነበር። ያንን መጠምዘዝ አውቀዋለሁ። ብዙ ሰው እዚያው ቤት ተቀምጦ እንደዚያ ሲጠመዝዝ አይቻለሁ። በልቤ «አይሁን፣ እሷ እንኳ አትሁን» እላለሁ።

«ጊዜው አይደለም፣ ጌታ ይቅር ይበለኝ» አለች መሬት መሬት እያየች። «በሐዘንዎ ላይ… ሱቋን ልናነሣት ነው አሉኝ። መንገዱ ሊሰፋ ነው። ምትክ ቦታ ይሰጡ እንደሆነ ለሚመለከተው አንድ ቃል ቢናገሩልኝ ብዬ… ልጆቹን የማበላው በእሷ መሆኑን ያውቃሉ።»

እጄ አሁንም በእጇ ውስጥ ነበር። አልተቆጣሁም፤ ምን አጥፍታ? እንጀራዋ ነው። የምትለውን በአንድ ቃል ልመልስላት እችል ነበር፤ የትኛው ቢሮ እንደምትሄድ፣ ማንን እንደምታናግር፣ እኔም ለማን እንደምደውል አውቃለሁ። ግን ሰው ጉዳዩ ካለቀ ይነሣል፤ ይህን ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። እሷ ብትነሣ ደግሞ ማታውን ከማን ጋር ነው የማመሸው?

«ቆይ፣ በደንብ አስረጂኝ» አልኳት። «ሱቁ ከመንገዱ ምን ያህል ይርቃል?» ነገረችኝ። «ጣሪያው ምንድን ነው?» ቆርቆሮ ነው አለች። «ምን ምን ትሸጫለሽ?» ሽሮ፣ በርበሬ፣ ሳሙና እያለች ቆጠረችልኝ። ግራ እንደተጋባች ያስታውቃል፤ ለመንግሥት ሥራ የሚያስፈልግ መስሏት ግን እያንዳንዱን በጥንቃቄ ትመልሳለች። ውጪ መምሸት ጀምሯል። «በሩስ በየት በኩል ነው የሚከፈተው?» አልኳት። ያ በር ሲገጠም መዶሻ ያቀበልኩት እኔ ነኝ። እሷ ወደ ማዞሪያው በኩል እንደሆነ አስረዳችኝ፤ እኔም ሌላ ጥያቄ ጠየቅኋት።